መልስ፦ «ስፋት» ወርድ ነው ወይስ ገጽ?

ወንድሜ፣ ልጅህ «ስፋት ማለት ወርድ ነው ወይስ ገጽ?» ብላህ ግራ መጋባትህ አይገርምም። ቃላችን ራሱ ሁለት ቦታ ይሠራል። «የመንገዱ ስፋት 7 ሜትር» ስንል ወርዱ ነው። «የቤቱ ስፋት 40 ካሬ» ስንል ግን ርዝመት በወርድ ተባዝቶ ነው።

ገጽ ሌላ ነው፤ የነገሩ ውጪ። በጂኦሜትሪ ርዝመትና ወርድ እንጂ ውፍረት የለውም።

እኔን ያስተማረኝ ኮምቦልቻ ያለው ቤቴ ጣሪያ ነው። ርዝመቱን በወርዱ አባዝቼ ቀለም ገዛሁ፤ ጣሪያው ተቀብቶ ሳያልቅ ቀለሙ አለቀ! ለካ ቆርቆሮው ሞገድ አለው። ወርዱ በሜትር ያው ነው፣ ገጹ ግን በየሞገዱ ወጣ ገባ እያለ ይበዛል።

ሳይንሱም ጋ እንደዚያው ነው። ቡና ሲወቀጥ ክብደቱ አይጨምርም፤ ውኃ የሚነካው ገጽ ግን ይበዛል፣ ጣዕሙም ጀበናው ውስጥ ቶሎ ይወጣል።