ኤኤልፒ ከፍ ካለ ጉበት ታሟል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ለጠቅላላ ምርመራ ደም ሰጥቶ ውጤቱ ሲመጣ፣ «አልካላይን ፎስፋቴዝ» ከሚለው ጎን 345 ተጽፎ በቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ወረቀቱ ጤናማው መጠን ከ40 እስከ 130 ነው ይላል። ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ደህና ናቸው ተባልን። ሐኪሙ «ምንም አይደለም፣ እያደገ ነው» ብሎ አሰናበተን። እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚወጣልኝ የጉበት በሽታ ብቻ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ጉበትና እድገትን ምን አገናኛቸው? (የልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍዎን ይተኙ። ሐኪሙ ልክ ነው። ጥፋቱ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ሳያስረዳዎት ማሰናበቱ ነው።

አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ በአጭሩ ኤኤልፒ እንበለው፣ ኢንዛይም ነው፤ ማለትም በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን። የጉበት ብቻ ንብረት አይደለም። አጥንትም፣ ኩላሊትም፣ አንጀትም፣ የእንግዴ ልጅም አላቸው። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ ፎስፌትን (ፎስፈረስ ያለበትን ውህድ) ከተጣበቀበት ሞለኪውል ላይ ቆርጦ ማላቀቅ። ለዚህም ዚንክና ማግኒዚየም ያስፈልጋቸዋል። የሰው ልጅ ለኤኤልፒ አራት ጂኖች አሉት። ሦስቱ፣ ማለትም የአንጀቱ፣ የእንግዴ ልጁና የዘር ሴሎቹ፣ ክሮሞዞም 2 ላይ ተጎራብተው ይገኛሉ። አራተኛው ለብቻው ክሮሞዞም 1 ላይ ነው፤ የጉበቱም የአጥንቱም የኩላሊቱም ኤኤልፒ የሚወጣው ከእሱ ነው።

የእርስዎ ጭንቀት የመጣው ከዚች አራተኛዋ ጂን ነው። የጉበቱና የአጥንቱ ኤኤልፒ በመሠረቱ አንድ ፕሮቲን ናቸው። የሚለያዩት ሴሉ ፕሮቲኑን ከሠራ በኋላ ላዩ ላይ በሚለጥፍበት የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ያው ሰው ልብስ ቀይሮ እንደመምጣት። የተለመደው የላቦራቶሪ ማሽን ደግሞ ልብሱን አያይም። በደሙ ውስጥ ያለው ኤኤልፒ ሁሉ በአንድ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለክቶ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ በቃ። ከ345 ውስጥ ስንቱ ከአጥንት፣ ስንቱ ከጉበት እንደመጣ ቁጥሩን በማፍጠጥ አይታወቅም።

አጥንት ምን ያደርግበታል? ካልሲየምና ፎስፌት አንድ ላይ ተጋግረው አጥንቱ እንዲጠነክር፣ ፓይሮፎስፌት የሚባል እንቅፋት ከመንገድ መነሳት አለበት። እሱን የሚቆራርጠው ኤኤልፒ ነው፤ ሲቆርጠው ደግሞ ለአጥንቱ የሚሆን ፎስፌት ይወጣል። ሮበርት ሮቢሰን የተባለው የብሪታንያ ሳይንቲስት ይህ ኢንዛይም በአጥንት መጠንከር ውስጥ ድርሻ እንዳለው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ አዲስ ወሬ አይደለም። እንግዲህ ሱሪው በየጊዜው የሚያጥርበት የ14 ዓመት ልጅ አጥንት ሠሪ ሴሎቹ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ናቸው፣ ከሚሠሩበትም ኢንዛይም የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ከአዋቂ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ሴቶች ልጆች ቶሎ ስለሚመዘዙ ከፍታው ላይ የሚደርሱት ቀደም ብለው ነው። ወረቀቱ ላይ ያዩት ከ40 እስከ 130 የአዋቂ መለኪያ ነው። ልጅን በአዋቂ መለኪያ ለክቶ በቀይ ማስመር፣ እውነት ለመናገር፣ እኔን ሁሌም ያናድደኛል።

ልቤ አላርፍ ካለ ምን ላድርግ ካሉ ጂጂቲ የሚባለውን ሌላ የጉበት ኢንዛይም በደም ያስመርምሩ። ጉበት ወይም የሐሞት መስመር ሲታወክ እሱም አብሮ ይጨምራል፣ በአጥንት እድገት ግን አይነቃነቅም። ድሮ የአጥንቱንና የጉበቱን ኤኤልፒ የሚለዩት በሙቀት ነበር። ሴረሙ (የረጋው ደም ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ) በ56 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሲሞቅ የአጥንቱ ኤኤልፒ አብዛኛው ይጠፋል፣ የጉበቱ ይሻላል። የእንግዴ ልጁ ግን ጉድ ነው፤ 65 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢያቆዩትም ሥራውን አይተውም። ምርመራውን ከደገሙ በባዶ ሆድ ይሁን፤ በተለይ የደም ዓይነታቸው ኦ ወይም ቢ የሆኑ ሰዎች ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ የአንጀቱ ኤኤልፒ ወደ ደም ገብቶ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ሰገራው ከነጣ ወይም አጥንቱን ካመመው ግን እድገት ነው ብለው አይለፉት። ተመልሰው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ኤኤልፒዬ 210 ሆነ። ልጁን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አይጎዳውም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የእንግዴ ልጁ የራሱን ኤኤልፒ ወደ እናት ደም ይለቃል፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ መዳፍዎንና የውስጥ እግርዎን አጥብቆ የሚያሳክክዎት ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እንዲህ ያለ ማሳከክ የሐሞት ፍሰት መታወክ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የሚታየው በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ መጠን ነው። በእርግዝና ጊዜ ኤኤልፒ ጉበትን ለመመዘን ብዙም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ስለከፍተኛው ያወራል። የእኔ 18 ነው። ዝቅ ሲል ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ዝቅታም ይጠየቃል። መጀመሪያ ደሙ በምን ብልቃጥ እንደተቀዳ ይጠይቁ። ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ኢዲቲኤ፣ ዚንኩንና ማግኒዚየሙን ስለሚነጥቀው ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፣ ቁጥሩም በሐሰት ይወርዳል። የዚንክ እጥረትም ያወርደዋል። በትክክለኛው ብልቃጥ ተደግሞም ዝቅ ካለ ግን ሃይፖፎስፋቴዢያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ ያቺው የክሮሞዞም 1 ጂን ስትበላሽ የሚመጣ ነው። ሲከብድ በሕፃንነት አጥንትን ያለሰልሳል፤ ሲቀል ደግሞ አዋቂ እስኪሆኑ ሳይታወቅ ይቆያል። ስለዚህ እናትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ የወተት ጥርስዎ አምስት ዓመት ሳይሞላዎት፣ ከነሥሩ ተነቅሎ ወድቆ ነበር? አዎ ካሉ፣ ወይም እግርዎ ላይ ቶሎ የማይድን ስብራት ገጥሞዎት ከሆነ፣ ይህንንም ውጤቱንም ይዘው የሆርሞንና የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ።