«ቫይረሶች» ወይስ «ቫይራይ»?

ጥያቄ፦ በአንድ ጽሑፌ ላይ «ቫይረሶች» ብዬ ብጽፍ አርታኢያችን ሰረዘብኝ። «ቃሉ ላቲን ነው፤ ሲበዛ ቫይራይ ይባላል። መጽሐፍን መጻሕፍት እንደምንለው ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ «ቫይረሶች» ብለው ይቀጥሉ። አርታኢዎ የጠቀሱት ብዙ ቁጥር በላቲንም የለም።

በ«ኡስ» የሚያልቁ ብዙ የላቲን ስሞች ወንዴ ናቸው፤ ሲበዙ በ«ኢ» ይጨርሳሉ። እንግሊዞች ይህን «ኢ» «አይ» ይሉታል። ስህተቱም የመጣው ከዚህ ነው። ሮማውያን «ዊሩስ» የሚሉት ይህ ቃል ግን ወንዴም ሴቴም አይደለም፤ የላቲን ሦስተኛ ጾታ ነው። በዚሁ የእርባታ ክፍል ውስጥ ሆነው በ«ኡስ» የሚያልቁ የሦስተኛው ጾታ ስሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ዊሪ» ተብሎ ቢበዛ ደግሞ «ወንዶች» ከሚለው ቃል ጋር በጽሑፍ አይለይም ነበር። «ዊር» ወንድ ማለት ነዋ!

ለመሆኑ ለምን አልበዛም? ትርጉሙ ፈሳሽ ስለሆነ ነው፦ የእባብ መርዝ፣ የሚያዝለገልግ እርጥበት። በአንደኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሕክምና የጻፈው ኬልሱስ፣ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው «ዊሩሱ» በዋግምት ይውጣለት ይላል። (አዎ፣ የኛው ዓይነት ዋግምት።) መርዝ ይመጠጣል፣ ይፈሳል። አንድ፣ ሁለት ተብሎ ግን አይቆጠርም።

ሳይንስም ቃሉን የወሰደው ከነፈሳሽነቱ ነው። በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለለ። የተጣራውም ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሳመመ። ስለዚህ በሽታ አምጪው ራሱ ሕይወት ያለው ፈሳሽ ነው ብሎ ደመደመ፤ «ቫይረስ»ም አለው። በ1935 አሜሪካዊው ስታንሊ ያንኑ የትምባሆ ቫይረስ እንደ ጨው አጠጠረው። ብዙ ሳይቆይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅንጣቶች ሆኖ ተገኘ። ፈሳሽ የተባለው ነገር የሚቆጠር ሆነ ማለት ነው።

«መጻሕፍት» የመጣልን ከግእዝ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት በኩል፣ ብዙ ቁጥሩን ይዞ ነው። እሱም ቢሆን «መጽሐፎች»ን አልከለከለንም። («መጻሕፍቶች» ብቻ እንዳይሉኝ፤ የበዛን ማብዛት ነው።) «ቫይረስ»ን ግን የወሰድነው ከእንግሊዝኛ ነው፤ «ቫይ» የሚለው ድምፅ ራሱ ይመሰክራል። ከገባ በኋላ በአማርኛ ሰዋስው ይገዛል። «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ» ስንል ያቺ «ኡ» የአማርኛ ናት፤ «ኦች»ም እንደዚያው። አርታኢዎ «ቫይረሱ»ን ካልሰረዙ «ቫይረሶች»ን የሚሰርዙበት ምክንያት አይታየኝም።