«አለርጂ አለብዎት?» ብቻ አይበቃም፦ ለቃል ፈተና ለተጠራች አዲስ ነርስ

ጥያቄ፦ «በዚህ ዓመት በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከአንድ ወር በፊት ለሥራ ስወዳደር በቃል ፈተናው ላይ ‹አንቲባዮቲክ ለሚወስድ ታካሚ ምን ዓይነት እንክብካቤ ታደርጊያለሽ?› ተባልኩ። ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን እያልኩ አምስቱን የመድኃኒት አሰጣጥ ሕጎች ቆጠርኩ። ‹ሌላስ?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። አላለፍኩም። አሁን ሌላ የግል ሆስፒታል ለውስጥ ደዌ ዋርድ ጠርቶኛል፤ ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው። የመድኃኒቶቹ ብዛት ያስፈራኛል። ምን ላንብብ? ልምድ የለሽም ሲሉኝስ ምን ልበል?»

እህቴ፣ ካንቺ ጥያቄ ይልቅ የእነሱ «ሌላስ?» ላይ ልቆይ። ያንን የጠየቀሽ ሰው ሊያሳፍርሽ ፈልጎ አይመስለኝም። አምስቱ ትክክለኛዎች መድኃኒቱ ታካሚው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለውን ይሸፍናሉ፤ እሱ የፈለገው ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እስቲ አስቢው፦ በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን የታዘዘን መድኃኒት ሐኪሙ አንድ ጊዜ ይጽፈዋል፣ ነርሶች ግን 21 ጊዜ ይሰጡታል። 21 ጊዜ ታካሚው አጠገብ የሚቆመው፣ ሽፍታውን፣ ተቅማጡን፣ የሽንቱን ማነስ፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) የገባበትን ቦታ ማበጥ ቀድሞ የሚያየው ነርስ ነው። ሐሙስ ዕለት እንዲህ ሆነሽ ከታየሻቸው፣ የመድኃኒት ስም ብትረሺም ይቀጥሩሻል ብዬ አምናለሁ።

ከመስጠትሽ በፊት ባለው ልጀምር፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እዚያ ነው። ወደዚህ የምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ነርስ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ለአንዲት እናት አምፒሲሊን ልሰጥ ሄድኩ። «እማማ፣ አለርጂ አለብዎት?» አልኳቸው። «ኧረ የለብኝም ልጄ» አሉ። ቻርቱም «የለም» ነው የሚለው። መድኃኒቱን በጥብጬ ሲሪንጁን ካኑላው ላይ ልሰካ ስል አስታማሚ ልጃቸው «እማዬ፣ ያኔ ጤና ጣቢያ ሲወጉሽ ፊትሽ እንዳበጠው እንዳይሆን» አለች። እናትየው «እሱማ ምች ነበር» ብለው መለሱላት። ሲሪንጁን አስቀመጥኩት። የተወጉት ፔኒሲሊን እንደነበር ከልጅቷ ተረዳሁ፤ አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆነ ሐኪሙን ጠራሁ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። እኚያ እናት አልዋሹኝም። የጠየቅኳቸው በማያውቁት ቃል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው እንዲህ ነበር፦ «ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ወይም ኪኒን ወስደው ሰውነትዎን ያሳከከዎት፣ ፊትዎ ወይም ከንፈርዎ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረዎት፣ ራስዎን የሳቱበት ጊዜ አለ?» አለ ካሉ ቀጥዬ ምን መድኃኒት እንደነበር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደጀመራቸው እጠይቃለሁ። አስታማሚውንም እጠይቃለሁ። የሰማሁትን በቻርቱ ፊት ገጽ ላይ በጉልህ እጽፋለሁ፣ ለተረካቢውም በቃል እነግራለሁ። ለፈተናው ይህንን ዓረፍተ ነገር በራስሽ አፍ በይው። ፔኒሲሊን ያስቆጣው ሰው የፔኒሲሊን የሩቅ ዘመድ የሆነው ሴፍትሪያክሶን ሲታዘዝለት ሁልጊዜ ክልክል ባይሆንም፣ ሐኪሙ ሳያውቅ እንደማትሰጪ ጨምሪበት።

ከአለርጂው ቀጥሎ ናሙና አለ። የደም ወይም የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ከታዘዘ ናሙናው የሚወሰደው ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢወሰድ ባክቴሪያው ላያድግ ይችላል። ነገር ግን ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን አውኮ ሕይወትን የሚያሰጋበት ሁኔታ) የተጠረጠረበትን ሰው ላቦራቶሪ እስኪከፈት አታስጠብቂውም፤ እዚያ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሁለቱን አመዛዝነሽ ከተናገርሽ ፈታኙ ቀና ብሎ ያይሻል። የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ እርግዝና፣ የሕፃን ከሆነ የዛሬ ክብደት፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት፣ እነዚህንም እንደምታዪ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ሃምሳ መድኃኒት አታጥኚ። በአገራችን የውስጥ ደዌ ዋርድ ውስጥ በየቀኑ እጅሽ የሚገቡትን ጥቂቶቹን አጥብቀሽ ያዢ፦ ሴፍትሪያክሶን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ጀንታማይሲን፣ ቫንኮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን።

ከሁሉም በላይ ሴፍትሪያክሶንን፤ ብዙ ስለሚሰጥ ሰው ይዳፈረዋል። ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር፣ በተለይ ዋርድ ውስጥ ሁሌ ከሚሰቀለው ሪንገር ላክቴት ጋር፣ በአንድ መስመር አይገናኝም፤ ይረጋል። ለትልቅ ሰው መስመሩን በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) አጥበሽ አንዱን ከሌላው በኋላ መስጠት ይቻላል። ዕድሜው ከ28 ቀን ያልበለጠ ሕፃን ግን በደም ሥር ካልሲየም እየወሰደ ከሆነ ፈጽሞ አይሰጠውም። በማደንዘዣው በሊዶኬይን የተበጠበጠው ለጡንቻ ብቻ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ሊያውክ ይችላል። በደም ሥር በሲሪንጅ ስትሰጪው ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ረጅም ነው። ዋርዱ ሞልቶ፣ ሁለት ነርስ ለሰላሳ ታካሚ ሆናችሁ፣ 4 ደቂቃ አንድ አልጋ ላይ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁሚ፤ እግረ መንገድሽን ታካሚውን እያነጋገርሽ ታዪዋለሽ።

ቫንኮማይሲን ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። 1 ግራሙ ቢያንስ በ60 ደቂቃ ነው የሚፈሰው። ከፈጠነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ታቆሚና ታሳውቂያለሽ። ጀንታማይሲን የሚጎዳው ኩላሊትንና ጆሮን ነው፤ የገባና የወጣ ፈሳሽ ትመዘግቢያለሽ፣ «ጆሮዎ ይጮኻል ወይ? ያዞርዎታል ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ከፔኒሲሊን ዘመዶች ጋርም በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅይውም። የቀሩትን ስለ ምግብና መጠጥ ስነግርሽ እመለስባቸዋለሁ።

ከሰጠሽ በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያንቺ ነው። ታካሚው ድንገት ካሳከከው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ግፊቱ ከወረደ፣ መድኃኒቱን ታቆሚያለሽ፣ መስመሩን ግን አትነቅይውም፤ እርዳታ ትጠሪያለሽ። አንጋልለሽ እግሩን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ መተንፈስ ከከበደው ቀና ይላል። አድሬናሊን ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፣ ማለትም ከአንድ ለሺህ አምፑሉ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲሶን አድሬናሊንን አይተካም። ይህን ሳትንተባተቢ እስክትዪው ድረስ ደጋግመሽ በይው። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስትገቢም አድሬናሊኑ የትኛው ትሮሊ ላይ እንዳለ ጠይቂ።

ሰዓትን በተመለከተ የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። በየ6 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት ሜዲኬሽን ሺቱ (የመድኃኒት መስጫ ሰዓት የሚመዘገብበት ቅጽ) ላይ 6-12-6-12 ተብሎ ሲሞላ በሐበሻም በፈረንጅም አቆጣጠር ያው ነው። በየ8 ሰዓቱ ሲሆን ግን በፈረንጅ 6-2-10 የተጻፈው በእኛ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ምሽት 4 ሰዓት ማለት ነው። ያቺን 10 አንዱ ተረኛ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ብሎ ካነበባት፣ ታካሚው 8 ሰዓት ላይ በወሰደ በ2 ሰዓቱ ይደገምለታል፤ ከዚያ እስከ ጠዋት 14 ሰዓት ባዶውን ያድራል። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚሠሩት ደም ውስጥ በቂ ሆነው በቆዩበት ጊዜ ልክ ስለሆነ ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። በዋርዱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ በርክክብ ጊዜ እንደምታረጋግጪ ንገሪያቸው፤ ከመጽሐፍ ብቻ ያጠና ሰው ይህን አያነሳም።

እንዲሁም መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አልቆ ቤተሰብ ከውጭ እንዲገዛ የሚላክበት ቀን አለ። አስታማሚው ብር ሊፈልግ ወጥቶ ሦስት ዶዝ ያልፋል፤ ሺቱ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ይቀራል። ያልተሰጠውን «አልተሰጠም»፣ ምክንያቱንም ጨምረሽ ጻፊ፤ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙና ለፋርማሲው ተናገሪ፤ ምናልባት ያለ ሌላ መድኃኒት ይተካል። ያልሰጠሽውን ሰጠሁ ብለሽ እንዳትፈርሚ። በዚህ አልታገስም፤ ሐኪሙ «አንቲባዮቲኩ አልሠራም» ብሎ ወደ ከባዱ የሚሸጋገረው በዚያች ፊርማ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ለታካሚው የምትነግሪውም ከኑሮው ጋር ይገጥም። ሜትሮኒዳዞል ለሚወስድ «አልኮል ክልክል ነው» ብቻ አትበይ፤ ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም እንደሆነ፣ ከጨረሰ በኋላም 3 ቀን እንዲታገስ ንገሪው። አፉን ብረት ብረት ቢለው እንዳይደነግጥ ቀድመሽ አስጠንቅቂው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የካፌይንን ከሰውነት መውጣት ያዘገያል፤ ቡናን ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ልቡ ሊመታ፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ወተት፣ የጨጓራ ማስታገሻና የደም ማነስ ኪኒን ደግሞ የሲፕሮንም የዶክሲሳይክሊንንም ወደ ደም መግባት ይቀንሳሉ። ዶክሲሳይክሊን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል።

ጾምም አለ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ፣ ወይም ረመዳንን የሚጾም ታካሚ የጠዋቱን ኪኒን ትራስ ሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ጸበል ስለጀመረም ሊያቆም ይችላል። አትቆጪው፤ ጠይቂው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ወደሚወሰድ መድኃኒት ይቀየርለት ዘንድ ሐኪሙን ማማከር ይቻላል፤ የንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ ለታመመ ሰው የሚሉትን እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል።

ፈታኞቹ ስለ መድኃኒት መላመድ ሊያነሱ ይችላሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን አክሰስ (በቀዳሚነት የሚሰጡ)፣ ዋች (በጥንቃቄ የሚሰጡ) እና ሪዘርቭ (ለመጨረሻ አማራጭ የሚቆዩ) ብሎ መድቧል፤ በየአልጋው የምናየው ሴፍትሪያክሶን ያለው በጥንቃቄ ይሰጥ በተባለው ዋች ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ራስሽ ሥራ አምጪው፦ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በሐኪሞች የታካሚ ጉብኝት (ራውንድ) ላይ «የካልቸሩ ውጤት መጥቷል፤ ይቀጥል ወይ?» ብለሽ ታስታውሻለሽ። ትኩሳቱ ለቆት መብላት የጀመረ ታካሚ ካለ «ሜትሮኒዳዞሉ ወደ ኪኒን ይቀየር ወይ?» ትያለሽ፤ በአፍ ሲወሰድም ከሞላ ጎደል ሙሉው ወደ ደም ስለሚገባ። ካኑላውን አንድ ቀን ቀድሞ ማውጣት ታካሚውን ከሌላ ኢንፌክሽን ያድነዋል። ከባድ ተቅማጥ የጀመረውን ታካሚ ደግሞ በራስሽ ማቆሚያ አትሰጪውም፤ ታሳውቂያለሽ፣ እጅሽንም በሳሙናና በውሃ ትታጠቢያለሽ፤ ተቅማጡን ያመጣው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ስፖሩን (ጠንካራ ሽፋን ያለውን ዘሩን) አልኮል አይገድለውም።

«ልምድ የለሽም» ሲሉሽ አትሟገቺ፣ አትዋሺ። በተግባር ልምምድሽ ወቅት በእጅሽ የተንከባከብሽውን አንድ ታካሚ፣ ስሙን ሳትጠቅሺ፣ ከገባበት ቀን እስከ ወጣበት ቀን ተርኪ፦ ምን ታዘዘለት፣ ምን ጠየቅሽ፣ ምን አየሽ፣ ለማን ነገርሽ። የማታውቂው መድኃኒት ከተጠቀሰብሽ «ሳላውቀው አልሰጥም፤ የመድኃኒት መመሪያ አይቼ ወይም ክሊኒካል ፋርማሲስቱን ጠይቄ እሰጣለሁ» በይ። እኔ ፈታኝ ብሆን ለዚህ መልስ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ይኸው ዝግጅት ነገ ለባሕረ ሰላጤ አገሮች የፕሮሜትሪክ ፈተና ወይም ለአሜሪካው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ለኤንክሌክስ ብትቀመጪም ስለሚያገለግልሽ ማስታወሻሽን አትጣዪው።

እስከ ሐሙስ በየምሽቱ ሁለት ሁለት መድኃኒት አንብቢ። ያቺን የአለርጂ ጥያቄ እናትሽን አስቀምጠሽ ጠይቂያቸው፤ ያልገባቸው ቃል ካለ ቀይሪው። ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ብዙ ታካሚዎች ስለሚመጡ፣ ቋንቋውን የማትችዪ ከሆነ ጥያቄዋን ከሚችል ጓደኛሽ በቃልሽ ተማሪያት፤ «አዎ» እና «የለም» የሚባሉበትንም አብረሽ ያዢ።