ፍሬን ስይዝ ቮልቱ ለምን ይወርዳል?

«ሰላም ጋሼ። በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። በኤልኤም 3914 አይሲ አሥር ኤልኢዲ ያለው ቮልትሜትር ራሴ ሠርቼ መሪው ላይ ገጥሜያለሁ። ከ10.5 እስከ 15 ቮልት ያሳያል። ጠረጴዛ ላይ ከቴስተር ጋር እኩል ነበር። ሞተሩ ላይ ግን ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ ፍሬን ይዤ ፍሬቻ ሳበራ፣ ሁለት መብራት ይወርዳል። አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል። ፕላሱን የወሰድኩት ከቁልፍ በኋላ ካለው የፍሬቻ ሽቦ ነው፣ ማሳውን (ኔጌቲቩን) ከሻንሲው። መካኒኬ ባትሪና ሬጉሌተር (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ቀይር ብሎኛል። ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ገና ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ግን ጎበዝ ነህ፤ ጠረጴዛ ላይ ከቴስተር ጋር እኩል ማምጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

ቮልትሜትር የሚያነበው እግሩ የነካበትን ቦታ ነው። ያንተ ደግሞ የነካው ባትሪውን ሳይሆን የፍሬቻውን ሽቦ ነው። በመሃል ፊውዝ አለ፣ ቁልፉ አለ፣ ሁለት ሦስት ሶኬት አለ። የፍሬን አምፖል ብዙ ጊዜ 21 ዋት ነው። ሁለት ፍሬቻ በ10 ዋት ሲደመር 41 ዋት ይሆናል። በ12 ቮልት ይህ 3.4 አምፒር ገደማ ነው። ቁልፉ ውስጥ ያለው መዳብ ጠቁሮ ሩብ ኦም ብቻ ቢይዝ፣ 0.85 ቮልት እዚያው ይቀራል። ያንተ እያንዳንዱ መብራት 0.45 ቮልት ነው። ሁለት መብራት ማለት ይኸው ነው።

እርግጥ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በሚኒሞ ስለሚዞር ባትሪውም ራሱ ትንሽ ይወርዳል። የቱ ምን ያህል እንደሆነ በግምት አይታወቅም፣ ይለካል። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። ቀዩን የባትሪው ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩን ቮልትሜትርህ ፕላስ የወሰደበት ሽቦ ላይ አሳርፍ። ሞተሩን አስነሳ፣ ፍሬን ያዝ፣ ፍሬቻ አብራ። ቴስተሩ ላይ የምታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። 0.2 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከ0.5 ካለፈ ቁልፉን ወይም ሶኬቶቹን ፍታና አጽዳ። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሻንሲው ያለውንም እንዲሁ ለካ። ማሳ ላይ የዛገ ብሎን ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር በእንዲህ ያለ ብሎን ምክንያት የደንበኛ ደህና ባትሪ አስቀይሬያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ እንዳታስረው። አንድ መብራት ብቻ በሚያበራው አሠራር እንኳ ሰሌዳህ 20 ሚሊአምፒር ገደማ ይበላል። በቀን ግማሽ አምፒር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። 5 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሳምንት ቆሞ ከሰነበተ ስታርተሩ አይዞርም።

መፍትሔው ትንሽ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ባለ አራት እግር የመኪና ሪሌ ከነሶኬቱ ፈልግ። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 85 እና 86 ላይ አንዱን አሁን ከያዝከው የፍሬቻ ሽቦ፣ ሌላውን ከማሳ አገናኝ። 30 ከባትሪው ፕላስ በ1 አምፒር ፊውዝ በኩል ይምጣ፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። 87 ወደ ቮልትሜትሩ ይሂድ። የቮልትሜትሩን ማሳ ደግሞ ለብቻው ሽቦ ስበህ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ እሰር። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ልኬቱ ግን ከባትሪው ይመጣል።

አንድ ስህተት ብዙ ጊዜ አያለሁ። አይሲውን ለመጠበቅ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ማስገባት ጥሩ ነው፤ ግን የአይሲውና የኤልኢዲዎቹ ምግብ ላይ ብቻ። የሚለካው መስመር ከዳዮዱ በፊት ይውጣ። አለዚያ 0.7 ቮልት ገደማ ሁልጊዜ ይጎድልሃል።

መንቀጥቀጡ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዲናሞው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሬጉሌተሩን ካለፈም በኋላ ሞገድ አለው። የአይሲው እግር 5 (የሚለካው ቮልት የሚገባበት) እና ማሳ መሃል ሞገዱን የሚያረጋጋ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ወደ ኤልኢዲዎቹ ፕላስ የሚሄደው ሽቦህ ከ15 ሴንቲሜትር ከረዘመ ደግሞ እዚያም 10 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል፣ አይሲው ራሱ እንዳይረበሽ። እግር 9ን ባዶ ተወው፤ ከፕላስ ጋር ካያያዝከው ሁሉም መብራት በመደዳ ስለሚበራ አይሲው ይግላል።

ክረምት ሳይገባ ሳጥኑን በሲሊኮን ድፈነው፤ ከሥር ግን ላቡ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተው።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ እንደገና ተመልከት። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው። ጋዝ ሰጠት ስታደርግ ከ13.5 እስከ 14.5 መግባት አለበት። ጋዝ ሰጥተህም ከ13 ካላለፈ መካኒክህ ወደ ልኩ ተጠግቷል ማለት ነው፤ ግን ከሬጉሌተሩ በፊት የዲናሞውን ሶኬት ነቅለህ እይ፣ ቀልጦ ሊሆን ይችላል። ከ15 ካለፈ ግን ሳትውል ሳታድር ሬጉሌተሩን ቀይር፤ ባትሪው እየፈላ ነው።