ከኢሜይሉ ግርጌ ያለችው ማሳሰቢያ

ለወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን የቱሉ ዲምቱ ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ይዘው ወደ ቤቴ ብቅ ይላሉ፤ ባለፈው ሳምንት ግን አንዷ ልጅ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ለአንድ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት ለሆነ፣ ፕሮጀክት ያዘጋጀችውን የኮድ ማስተካከያ ከመሥሪያ ቤቷ ኢሜይል ልካ ኖሮ፣ የመጣላት መልስ ስለ ኮዷ አንዳች ሳይል፣ ከግርጌው ባለው ማሳሰቢያ ምክንያት ልንቀበለው አንችልም የሚል ብቻ ነበር። እንደ ንቀት ቆጥራዋለች። እኔም ከዓመታት በፊት ያው መልስ ደርሶኝ ከፍቶኝ ስለነበር አልፈረድሁባትም።

ማሳሰቢያዋን ታውቋታላችሁ፤ መልእክቱ ምስጢራዊ ነው፣ መቅዳትና ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው፣ በስሕተት ደርሶዎት እንደሆነ ያጥፉት የምትለው ናት። «ምሳ እንሂድ?» ከሚል መልእክት ሥር እንኳ ትለጠፋለች። ብዙ ጊዜ የምትጨመረው መልእክቱ ከእጃችን ከወጣ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ስለሆነ፣ ላኪው በላካቸው መልእክቶች መካከል ቢፈልጋት ላያገኛት ይችላል። ስለዚህ ወደ ፕሮጀክቱ ከመላካችሁ በፊት ወደ ግል አድራሻችሁ አንድ የሙከራ መልእክት ልካችሁ የደረሰውን እስከ ግርጌው አንብቡት።

የሊኑክስ ከርነልን፣ ማለትም የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን እምብርት፣ ለምሳሌ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ይህ ሥራ ዛሬም በአብዛኛው የሚካሄደው ማንም ሊያነበው በሚችል ኢሜይል ነው፤ የተላከው ኮድ በአደባባይ ይገመገማል፣ ተቀባይነት ካገኘም መቅዳትንና ማሻሻልን በሚፈቅደው፣ ጂፒኤል ቁጥር 2 በተባለው የስርጭት ፈቃድ ይሰራጫል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ደግሞ አበርካቹ ከኮዱ ጋር ከሚልከው ማብራሪያ ሥር «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ብሎ ስሙን ያኖራል፤ ይህም ኮዱን ለመስጠት መብት አለኝ፣ ሥራው ለሕዝብ ክፍት መሆኑንና መዝገቡ ያለ ጊዜ ገደብ እንደሚቆይም ተረድቻለሁ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ደብዳቤ ላይ መሐሉ ቅዱኝ፣ ግርጌው አትቅዱኝ ሲል ተቀባዩ የትኛውን ይመን? በእኔ እምነት ማሳሰቢያዋ ብቻዋን ያልተስማማን ሰው አታስርም፤ ነገር ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ይህን በጠበቃ እንዲያጣሩ መጠበቅ ተገቢ ስላልሆነ ደብዳቤውን መመለሳቸው ትክክል ነው።

ልጅቷ «እንግዲያው በግል ጂሜይሌ እልከዋለሁ» ብላ ልትነሣ ስትል መልሼ አስቀመጥኋት። ኮዱን የጻፈችው በሥራ ሰዓት፣ ለመሥሪያ ቤቷ ሥራ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ሲሆን፣ ተቀጣሪ በሥራው የፈጠረው ነገር በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የአሠሪው ነው። አድራሻ መቀየር ግርጌውን ያስቀራል እንጂ ባለቤቱን አይቀይርም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ለኮድም ይሠራል። አሠሪው ሳይፈቅድ «መብት አለኝ» ብሎ ስምን ማኖር፣ ማሳሰቢያዋ ካመጣችው ችግር የባሰ ነው።

ስለዚህ የአሠሪያችሁን ፈቃድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለየትኛው ፕሮጀክት፣ እንደ ጂፒኤል ባለ በምን የስርጭት ፈቃድ የሚወጣ፣ ከየትኛው አድራሻ የሚላክ እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋችኋል። እኔ በጠየቅሁ ጊዜ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሰርቨሩ ለዚያ አድራሻ ማሳሰቢያ እንዳይጨምር ለማድረግ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ፊርማው ግን አራት ወር ወስዷል፤ ምክንያቱም አለቃዬ ማሳሰቢያዋን ያዘዘው ሕግ ይመስላቸው ነበር፣ ማን እንዳዘዛት ሲፈለግም የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ልጅቷ ማመልከቻዋን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ጽፋ ሄዳለች። መልስ እስኪመጣ ኮዱ ላፕቶፗ ውስጥ ይቆያል።