መልስ፦ ለክበባችሁ የሚሆኑ የቤተሰብ ፊልሞች

ሰላም እህቴ። ጅማ ላለው የተማሪዎች ክበባችሁ፣ ከእናትና አባት ውጭ ስለሚያድጉ ልጆች የሚያወያይ ፊልም ነው የጠየቅሽው። እኔ ብሆን በዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ አማርኛም ስለሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይቀራል። አጎቱ፣ ልጁ የሚወዳትን በግ ለበዓል እንዲያርድ ያዘዋል፣ ወጥ ቤት መግባቱንም አይወድለትም። ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፤ ወደ አገሩ መመለሻ ሊቋጥር። ከአጋሮም ከሊሙም መጥተው አክስት ቤት እየኖሩ የሚማሩ ልጆች አይጠፏችሁምና ብዙ ያናግራቸዋል።

ስለ ጉዲፈቻ ከሆነ «ስሪ አይደንቲካል ስትሬንጀርስ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ2018 ዶክመንተሪ አለ። ለሦስት ቤተሰብ የተሰጡ አሜሪካዊ ሦስት መንትዮች በ19 ዓመታቸው በአጋጣሚ ይገናኛሉ። ለካስ የተለያዩት ለጥናት ነው፣ አሳዳጊዎቻቸውም አልተነገራቸውም! ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በሽማግሌ ፊት በአደባባይ ስለሚፈጸም፣ ከፊልሙ በኋላ አንድ አባት ጋብዛችሁ ሥርዓቱን ቢያስረዷችሁ ደስ ይለኛል። ከወንድማማቾቹ አንዱ ራሱን ማጥፋቱ ስለሚነሳ ግን ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን።

ጊዜ ከተረፋችሁ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኮሬ-ኤዳን «ላይክ ፋዘር፣ ላይክ ሰን» ጨምሩ፤ ሆስፒታል ውስጥ ስለተቀያየሩ ሕፃናት ነው። ጃፓንኛ ስለሆነ አንድ ሰው እያቆመ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያስረዳ።