ኢንተርኔት ሲጠፋ የግቢው ዳታቤዝ ለምን ይቆማል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ፍኖተ ሰላም ባለው ቢሯችሁ ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የተጫነበት የሊኑክስ ሰርቨር አለ፤ የካሸርና የመጋዘን ኮምፒውተሮች እዚያው ግቢ በስዊች ተያይዘዋል። ኢንተርኔት ሲኖር ሁሉም ሰላም ነው፤ ሲጠፋ ሲስተሙ ለመግባት ያንቀራፍፋል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብለህ ስትሞክረው ግን ወዲያው ይገባል። ራም ጨምር ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። በአንዴ የሚፈቀደው የግንኙነት ቁጥር ሞልቶ ነው የተባለውም አይመስለኝም፤ በነባሪው 151 ነው፣ ሲሞላ ደግሞ ስህተቱን ወዲያው ይነግርሃል እንጂ አያስጠብቅህም።

ይህንኑ ቡሬ ላይ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አይቼዋለሁ። የበቆሎ ሰሞን ነው፤ አይሱዙዎቹ ሚዛኑ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ጸሐፊዋ ደረሰኝ የሚያወጣውን ፕሮግራም ከፍታ ትጠብቃለች። ሰው ሁሉ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ኔትወርኩማ አለ፤ የጠፋው ኢንተርኔቱ ነው። ከሚዛን ቤቱ ሰርቨሩን ፒንግ ሳደርገው (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ማለት ነው) በፍጥነት ይመልሳል። ዳታቤዙ የሚያዳምጥበትን በር፣ ፖርት 3306ን፣ በቴልኔት ስሞክር «ኮኔክትድ» የሚለው ወዲያው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ማይኤስኪውኤል ስትገናኘው ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፣ የቨርዥን ቁጥሩን ይልካል። ያ ቁጥር ብቅ ያለው በስንት ልመና! ግንኙነቱን የተቀበለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ዳታቤዙ ገና አፉን አልከፈተም። «ፖርቱ ክፍት ስለሆነ ሰርቨሩ ደህና ነው» የሚለው የተለመደ ምርመራ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይኤስኪውኤል በኔትወርክ የመጣን ሁሉ ከማስገባቱ በፊት አይፒውን (የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ቁጥር) ይዞ ዲኤንኤስን (ስምና ቁጥር የሚያዛምደውን አገልግሎት) «ይሄ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መታወቂያህን ይዞ ቀበሌ ድረስ ሄዶ እንደሚያጣራ ዘበኛ ማለት ነው። የሰርቨሩ ዲኤንኤስ ኢንተርኔት ላይ ባሉት የጉግል አድራሻዎች፣ 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 ተብሎ ከተሞላ (ማን የማይሞላው አለ?) ኢንተርኔት ሲቋረጥ መላሽ የለም። ሊኑክስ በነባሪው አንዱን አድራሻ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሁለት ዙር ይሞክራል፤ በሁለት አድራሻ 20 ሰከንድ ሄደ። ኢንተርኔት ሲኖር «አላውቀውም» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል፣ ማይኤስኪውኤልም ያንን ያስቀምጠዋል። መልስ ሲጠፋ ግን የሚያስቀምጠው ስለሌለ እያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ከሀ ይጀምራል። ሰርቨሩ ላይ የሚፈጥንልህ በሎካልሆስት ስትገባ በሶኬት (እዚያው ማሽኑ ውስጥ ባለ መንገድ) እንጂ በኔትወርክ ስለማታልፍ ነው።

ለማረጋገጥ፣ በቆመበት ሰዓት ሰርቨሩ ላይ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ገብተህ ሾው ፕሮሰስሊስት (SHOW PROCESSLIST) በል። «አንኦተንቲኬትድ ዩዘር» (ማንነቱ ገና ያልተረጋገጠ) የሚሉ መስመሮች ተደርድረው ካገኘሃቸው በሽታው ተገኘ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ፣ የሰርቨሩ ክፍል ሥር፣ ስኪፕ ኔም ሪዞልቭ (skip_name_resolve፣ ስም አትጠይቅ እንደማለት) የሚለውን ጨምረህ ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ። ሪስታርቱን ሥራ በሌለበት ሰዓት አድርገው፤ ከዚያ በፊት ግን የዩዘሮቹን ዝርዝር አውጣ። በኮምፒውተር ስም የተፈቀደላቸው ከዚያ ወዲያ አይገቡም፤ በአይፒ፣ ለምሳሌ 192.168.1.% (% ማለት ማንኛውም ቁጥር) ተብሎ እንደገና ሊፈቀድላቸው ይገባል። እዚያው ሰርቨር ላይ ሆኖ በ127.0.0.1 የሚገባ ፕሮግራም ካለም ተጠንቀቅ፤ ለ«ሎካልሆስት» ብቻ የተፈቀደ ዩዘር ከእንግዲህ አያስገባውም። ባክአፕ የሚያወጣው ስክሪፕት እንዲህ ከሆነ ማታ ማታ ሳይሠራ ቢያድር ማንም አይነግርህም።

መጨረሻ ላይ ያነሳኸው፣ ከደብረ ማርቆስ ዋናው ቢሮ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) ሲገባ ትንንሹ ዝርዝር እየተከፈተ የወሩ ሪፖርት ላይ የሚደርቀው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የስም ጥየቃው ሳይሆን የፓኬቱ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) መጠን ይመስለኛል። ከደብረ ማርቆስ በቪፒኤኑ ውስጥ ሰርቨሩን፣ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ተከልክሎ፣ በ1472 ባይት ፒንግ አድርግ፤ ካላለፈ እስኪያልፍ ቀንስ። ባለፈው ቁጥር ላይ 28 ጨምረህ የቪፒኤኑን ኤምቲዩ (የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) በዚያ ሙላው። ሁለቱን በአንድ ቀን አትነካካ ብቻ፤ የቱ እንደሠራ አታውቅም። መጀመሪያ የግቢውን ጨርስና ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ጠብቀህ፣ ወይም ራስህ ገመዱን ነቅለህ፣ ሞክረው።